ያልተመረመረው ባል፦ የወንዶች የአኗኗር ልማድ በመውለድ ብቃትና በልጆች ጤና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

በካምባም ሆነ በአርባ ምንጭ፣ በደጋውም ሆነ በቆላው፣ ትዳር ከተመሠረተ ሁለትና ሦስት ዓመት አልፎ ልጅ ሳይወለድ ሲቀር የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በሚስት ላይ ነው። ጤና ጣቢያ የምትመላለሰው እርሷ ናት። የባህል መድኃኒት የምትጠጣው፣ ጸሎት እንዲደረግላት የምትወሰደው፣ የጎረቤትን ሐሜት የምትሸከመውም እርሷ ናት። ጥቂት ዓመታት ሲጨመሩ ደግሞ ዘመድ አዝማድ ባልን ሌላ ሚስት እንዲያገባ መምከር ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባልየው አንድም ጊዜ ሳይመረመር የቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም።

የሕክምና ሳይንስ የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። ልጅ መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ዘንድ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ከወንዱ የሚመነጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ውስጥ በሆነ ወቅት የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ችግሩ የሀብታም አገሮች ብቻ አለመሆኑን፣ በድሃ አገሮችም መጠኑ ተቀራራቢ መሆኑን ሪፖርቱ አመልክቷል። በሕክምና ቋንቋ «የመውለድ ችግር አለ» የሚባለው ጥንዶች ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወራትና ከዚያ በላይ እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ የአስተሳሰብ ስህተት አለ። ይኸውም የወንድነት አቅምን ከመውለድ ብቃት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንድ ወንድ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ምንም ጉድለት ሳይኖርበት፣ የዘር ፈሳሹም ለዓይን ምንም የተለየ ነገር ሳይታይበት፣ በፈሳሹ ውስጥ ግን አንድም የዘር ህዋስ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚለየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ልጅ መውለድም ቢሆን ዛሬ ብቃቱ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

የሦስት ወር ሥራ

ሴት ልጅ ዕንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች። ወንድ ግን ከጉርምስና ጀምሮ በየቀኑ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አዳዲስ የዘር ህዋሳትን ያመርታል። አንድ የዘር ህዋስ በቆለጥ ውስጥ ተጀምሮ እስኪያልቅ 70 ቀናት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያም በቆለጡ ጀርባ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ እስኪበስል ሁለት ሳምንት ያህል ይጨመርበታል። በድምሩ ሦስት ወር ያህል ማለት ነው።

ስለ ወንዶች የአኗኗር ልማድ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ የጊዜ ስሌት ላይ ነው። በመስከረም የሚፀነስ ልጅ ከአባቱ የሚወስደው የዘር ህዋስ ሥራው የተጀመረው በሰኔ ነው። አባት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የጠጣው፣ ያጨሰው፣ በማሳው ላይ የረጨው፣ የታመመውም ሕመም ሁሉ በዚያ ህዋስ ላይ ምልክቱን ሊተው ይችላል። የዚያኑ ያህል፣ አብዛኛው ጉዳት የማይሽር አይደለም። ጎጂውን ልማድ ያቆመ ሰው ከሦስት ወር በኋላ የሚኖረው ዘር በአመዛኙ አዲስ ነው። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ከሌላው ለይቶ፣ ከነቀዝና ከእርጥበት ጠብቆ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ልጅ ያሰበ ሰውም ከመፀነስ በፊት ያሉትን ሦስት ወራት ለይቶ ሊጠብቃቸው ይገባል።

የሙዝ ማሳዎቹ ታሪክ

የግብርና ኬሚካልና የወንድ ዘር ግንኙነት ለዓለም የተገለጠው በሙዝና በመሰል ሰብሎች ምክንያት መሆኑ ለአርባ ምንጭ አካባቢ አርሶ አደር ልዩ ትርጉም ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ዲቢሲፒ የተባለ የአፈር ትል ማጥፊያ በሚያመርት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች እርስ በርስ ሲነጋገሩ አብዛኞቻቸው ለዓመታት ልጅ አለመውለዳቸውን አስተዋሉ። ሐኪሞች ሲመረምሯቸው ከፊሎቹ ምንም የዘር ህዋስ እንደሌላቸው፣ የሌሎቹም ቁጥር እጅግ ዝቅተኛ እንደሆነ ተረጋገጠ። ከኬሚካሉ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ የሠሩት ጉዳታቸው የባሰ ነበር። ይኸው ኬሚካል በኮስታሪካ፣ በኒካራጓ፣ በሆንዱራስና በፊሊፒንስ በሙዝ ማሳዎች ላይ በስፋት ይረጭ ስለነበር በሺዎች የሚቆጠሩ የማሳ ሠራተኞች የመውለድ ብቃታቸውን ማጣታቸውን ገልጸው ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ የፍርድ ቤት ክርክር አካሂደዋል። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ኬሚካሉን ካቆሙ በኋላ አገግመዋል፤ የዘር ህዋስ አመንጪው ክፍል ጨርሶ የተጎዳባቸው ግን አላገገሙም።

ይህ ታሪክ በአባያና በጫሞ ዳርቻ በሚለማው ሙዝ ላይ ተመሳሳይ መርዝ ይረጫል ለማለት የቀረበ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ተባይን ለመግደል የተሠራ ንጥረ ነገር በሰው ገላ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ ሳያሳክክና ሳያሳምም፣ ዘርን ብቻ ለይቶ ሊያጠፋ እንደሚችል የታወቀው በእነዚያ ሠራተኞች ላይ ነው። «ስረጨው ኖሬአለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ዋስትና አይሆንም።

በአካባቢያችን የኬሚካል አጠቃቀም እየሰፋ መጥቷል። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ በቆሎ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ጨምሯል። በቲማቲም፣ በጥጥና በጓሮ አትክልት ላይ ማላታይንን የመሳሰሉ ኬሚካሎች ይረጫሉ። በእህል ማሳ ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም የተለመደ ነው። በደጋው ደግሞ የድንች ዋግን ለመከላከል ማንኮዜብ የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ዱቄቶች በውኃ ተበጥብጠው ይረጫሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የማንኮዜብን ፈቃድ ላለማደስ ወስኗል። ከምክንያቶቹ መካከል ንጥረ ነገሩ የሰውነትን ሆርሞን የሚያውክና ለሥነ ተዋልዶ መርዛማ ተብሎ መመደቡ ይገኝበታል። ማላታይንን በመሳሰሉ ኬሚካሎች ዘወትር በሚሠሩ ወንዶች ላይ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችም የዘር ህዋስ ቁጥርና እንቅስቃሴ መቀነስን አሳይተዋል።

በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ቢኖርም በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ከትልቁ ዕቃ በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ መርዝ አሁንም ይታያል። ገዢው ምን እንደገዛ አያውቅም፤ በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠብጠውም የሚነግረው ሻጩ ብቻ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ግዢ መራቅ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባው ብዙዎች እንደሚያስቡት በአፍንጫና በአፍ ብቻ አይደለም፤ በቆዳ በኩልም ይገባል። በዚህ ረገድ የብሽሽትና የቆለጥ አካባቢ ቆዳ ከእጅ መዳፍ ይልቅ ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። የሚያፈስ የጀርባ መርጫ ወገብንና ጭንን ካራሰ፣ የረጠበው ሱሪም እስከ ማታ ገላ ላይ ከቆየ፣ መርዙ ያለ ከልካይ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ከመርጨት በፊት የመርጫውን ክዳንና ቱቦ ማየት፣ ከነፋሱ ጋር እንጂ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ አለመርጨት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ማድረግ፣ የተዘጋ አፍንጫ በአፍ እየነፉ አለመክፈት፣ በሥራው መካከል አለመብላት፣ አለመቃምና አለማጨስ፣ እንዳበቁ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ልብሱ ከሌላው የቤተሰብ ልብስ ተለይቶ መታጠብ አለበት። ይህን ልብስ ዘወትር የምታጥበው ሚስት ከሆነች፣ እርጉዝም ከሆነች፣ አባት በማሳ የተሸከመው መርዝ በእጇ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ባዶውን ዕቃ አጥቦ ለዘይት፣ ለወተት ወይም ለመጠጥ ውኃ ማዋልም እጅግ አደገኛ ነው፤ ምንም ያህል ቢታጠብ ቅሪቱ አይወጣም።

አረቄ፣ ጫትና ሲጋራ

መጠጥን በተመለከተ መጠኑና ዓይነቱ ለየብቻ መታየት አለባቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቦርዴ እንደ ምግብም ተቆጥሮ የኖረ፣ የአልኮል መጠኑ አነስተኛ የሆነ መጠጥ ነው። አረቄ ግን ጥቂቱ ብዙ አልኮል የያዘ ነው። አልኮል በብዛትና አዘውትሮ ሲወሰድ ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ጉበትን ይጎዳል፣ በረጅም ጊዜም ቆለጥን ያሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዴንማርክ 1,221 ወጣት ወንዶች ላይ ውጤቱ የታተመ ጥናት በሳምንት ከ5 መለኪያ በላይ በሚጠጡት ላይ የዘር ጥራት መቀነስ መጀመሩን፣ ከ25 መለኪያ በላይ በሚጠጡት ላይ ደግሞ ቅነሳው ጎልቶ መታየቱን አመልክቷል። አንድ መለኪያ ከአንድ አነስተኛ ጠርሙስ ቢራ ጋር ይቀራረባል። በየምሽቱ አረቄ ቤት የሚያመሽ ሰው በሳምንት ስንት መለኪያ እንደሚደርስ ራሱ ሊቆጥረው ይችላል።

የ2008ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከአራት ወንዶች አንዱ ያህል ጫት ቅሞ ያውቃል። በየመን በጫት ሱሰኞች ላይ የተካሄደ ጥናት የዘር ህዋሳቱ ቁጥርና እንቅስቃሴ ዝቅ ማለቱን፣ ቅርጻቸው የተበላሸ ህዋሳትም መብዛታቸውን አሳይቷል። የጫት ነገር በራሱ በቅጠሉ አያበቃም። ከጫት ጋር እንቅልፍ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሲጋራ ይጨመራል፣ ማታም «ምርቃና መስበሪያ» ተብሎ መጠጥ ይከተላል። በዚህ ላይ ጫቱ ራሱ ኬሚካል የተረጨበት ሊሆን ይችላል፤ በኢትዮጵያ በተካሄዱ ጥናቶች በጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል። ሰው ሌላውን አትክልት አጥቦና አብስሎ ሲበላ ጫትን ግን በጥሬው፣ አንዳንዴም ሳያጥበው ለሰዓታት ጉንጩ ውስጥ ያቆየዋል።

ስለ ሲጋራ ክርክር የለም። የዘር ህዋሳትን ቁጥርና እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ በውስጣቸው የተሸከሙትን የዘር መልእክት ይሰባብራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን የከለከለው፣ ለወጣቶችም የሚሸጥበትን ዕድሜ 21 ዓመት ያደረገው ከብዙ ጉዳቶቹ የተነሣ ነው፤ ልጅ ማጣት ግን በማስጠንቀቂያው ውስጥ እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

በከተማው ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ሌላ ልማድ እየገባ ነው። ጡንቻ ለማፈርጠም በየጂሙ የሚሸጥ የሆርሞን መርፌ ወይም ክኒን መውሰድ ነው። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስቴሮን አንጎልን «በቂ ሆርሞን አለ» ብሎ ያታልለዋል፤ አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፣ የዘር ምርትም ይቆማል። ካቆሙት በኋላ ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። የሰውነት ውፍረትም፣ በተለይ የሆድ ስብ፣ የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ስለሚቀይር ተመሳሳይ አቅጣጫ አለው።

ሙቀት፣ ወባና ሌሎች ሕመሞች

ቆለጥ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራውን በአግባቡ የሚሠራው ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ጠባብ ሱሪ፣ ቀኑን ሙሉ በጋለ ወንበር ላይ የሚቀመጡ የባጃጅና የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ሁኔታ፣ በምድጃ ፊት የሚሠሩ ዳቦ ጋጋሪዎች ሥራ ሁሉ ይህን ልዩነት ያጠባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየመሐሉ መነሣት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ።

ከዚህ የሚበልጠው ትኩሳት ነው። በቆላው የጋሞ ክፍል ወባ የታወቀ ጠላት ነው። ብርቱ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይ የዘር ምርትን ያዛባል፤ ጉዳቱም ታማሚው ድኖ ሥራ ከጀመረ በኋላ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወባ ያደረበት ሰው ወዲያው ታክሞ ትኩሳቱን ማስቆሙ፣ በአጎበር ስር ማደሩ ለዚህም ይጠቅመዋል። ከወባ በተነሣ በወሩ የዘር ምርመራ የሰጠ ሰው ውጤቱ ዝቅተኛ ቢሆን ከመደንገጡ በፊት መታመሙን ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል።

ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ ወደ ቆለጥ ወርዶ ሊያብጠው ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ ሳይታከሙ ከቆዩ የዘር ማስተላለፊያውን ቱቦ በጠባሳ ይዘጋሉ። እነዚህ ሕመሞች ከኪዮስክ በተገዛ ጥቂት ክኒን ተዳፍነው ሲቀሩ ምልክታቸው ይጠፋል እንጂ ጉዳታቸው ይቀጥላል። ሚስትም አብራ ካልታከመች ሕመሙ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ የእርሷም የዕንቁላል ቱቦ ይዘጋል። በመጨረሻ «መካን» የምትባለው እርሷ ናት።

ለልጅ የሚተርፈው

የአባት ልማድ ጽንስ ከመያዙ በኋላም ይከተላል። ከመፀነስ በፊት የሚያጨሱ አባቶች ልጆች በልጅነት የደም ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። የዘር መልእክቱ የተሰበረ ህዋስ ዕንቁላል ቢያዳብርም ውርጃ የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ደጋግሞ የሚያስወርዳት ሴት ባልም ሊመረመር የሚገባው ለዚህ ነው። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ከመፀነስ በፊት አልኮል የተሰጣቸው ወንዶች የሚወልዷቸው ግልገሎች በዕድገትና በጠባይ ላይ ለውጥ እንደሚታይባቸው አሳይተዋል።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአይስላንድ የተካሄደ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው አባት በአንድ ዓመት ባረጀ ቁጥር ለልጁ የሚያስተላልፈው አዲስ የዘረ መል ለውጥ በሁለት ያህል ይጨምራል። አብዛኛው ለውጥ ጉዳት የለውም። ሆኖም አንዳንድ የአእምሮ ዕድገት ችግሮች በዕድሜ ከገፉ አባቶች በሚወለዱ ልጆች ላይ በመጠኑ ከፍ ብለው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። «ወንድ አያረጅም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

ቂጥኝ ሌላው ነው። አባት ከውጭ ይዞት የመጣ ቂጥኝ በእናት በኩል ወደ ፅንሱ ተሻግሮ የሞተ ልጅ እንዲወለድ፣ ወይም ሕፃኑ ከነሕመሙ እንዲወለድ ያደርጋል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌም ይድናል። ሚስት በእርግዝና ክትትል ስትመረመር ባልም አብሮ ቢመረመር አንድ ቀን ቢፈጅበት ነው።

ምርመራው እንዴት ነው?

ልጅ ሳይወለድ ሲቀር በቅድሚያ ሊደረጉ ከሚገባቸው ምርመራዎች አንዱ የወንዱ ነው፤ ከሴቷ ምርመራዎች ይልቅ ቀላል፣ ርካሽና ሕመም የሌለበት ነውና። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው የሚሰጠው በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ከቤት የሚመጣ ከሆነ እንዳይቀዘቅዝ በልብስ ውስጥ ተይዞ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ስለዚህ እዚያው በጤና ተቋሙ መስጠት ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን የዘር ህዋሳት እንደ ታችኛው ወሰን ይወሰዳሉ። ከዚያ በታች ማለት ፈጽሞ አይወልድም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ የተገኘ ዝቅተኛ ውጤትም ከሳምንታት በኋላ ተደግሞ መታየት አለበት።

ከመውለድ ችግር ጋር ወደ ሕክምና ከሚመጡ ወንዶች በሦስተኛው ያህል ላይ የቆለጥ ደም ሥር መወጠር ይገኛል። ይህ በልማድ የሚመጣ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል የሚችል ነው። ሽፈራውን የመሳሰሉ ተክሎች ጥሩ ምግብ ናቸው፤ «ዘር ይጨምራል» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ዱቄትና ሥር ግን ያልታወቀውን የደም ሥር ችግር አይፈታም፣ የተዘጋውንም ቱቦ አይከፍትም። የሚወስደው ጊዜ ግን ከሚስት ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ የሴቷ የመውለድ ዕድል በፍጥነት ይወርዳል።

የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ጠብን በማብረድ በመላ አገሪቱ የታወቁ ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣን ወጣት የመለሱበት ሁኔታ አይረሳም። በልጅ ምክንያት ሊፈርስ በደረሰ ትዳር ላይ የሚቀመጡትም እነርሱና መሰሎቻቸው ናቸው። ሽማግሌዎች በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ላይ ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች መካከል «ባልስ ተመርምሯል ወይ?» የሚለው ቢጨመር የብዙ ሴቶች ፍርድ ይለወጥ ነበር።

በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሁለቱንም ጥንዶች ተቀብሎ እንደ ሁኔታው ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል። ከዚያ ለሚያልፈው ችግር በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የመንግሥት የመውለድ ሕክምና ማዕከል አለ፤ ፅንስን ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ የማዋሐድ ሕክምናም ይሰጣል። እስከዚያ የሚጓዙ ጥንዶች የሁለቱንም የምርመራ ውጤት፣ ባልየው የሚወስደውን መድኃኒት ስም፣ በሥራው የሚጠቀምባቸውን ኬሚካሎች መለያ ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ያሳለፈውን ሕመምም ጽፈው ቢይዙ ምልልሱ ይቀንስላቸዋል።